የዱቡሻ ጣሪያ

አርባ ምንጭ፣ ሴቻ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጌዲዮን
የብሌን ወዳጆች የሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጤናዎን አልጠይቅም። ባለፈው ወር በቴሌቪዥን አይቼዎታለሁ፤ ጉንጭዎ ሞልቶ፣ ከረባትዎ አምሮ፣ «የዓመቱ የግልጽነት ተሸላሚ» የሚል ዋንጫ ታቅፈው ሲስቁ። ደህና ነዎት ማለት ነው። እኛም ደህና ነን፣ ከአንድ ሰው በቀር። የምጽፍልዎም ስለ እሱ ነው።

ስልክ ደጋግሜ ብደውል ጸሐፊዎ ሄራን «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። ጠዋትም ስብሰባ፣ ከሰዓትም ስብሰባ። እንዲህ ስብሰባ የሚወድ ሰው ወረቀት ሳይወድ አይቀርም ብዬ ብዕር አነሣሁ። የስልክ ወሬ ደግሞ በኋላ «አላልኩም» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅትዎ እኛው አገር ገረሴ ላይ፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቅሏል። አናቱ ላይ በትልቁ «ለሕዝብ ግልጽ ነን» ይላል። ከሥሩ የዓመቱ ወጪ ተደርድሯል። መድኃኒቱን፣ ነዳጁን፣ የመኪና ጎማውን አልፌ ስወርድ አንድ መስመር አገኘሁ፦ «የዱቡሻ አዳራሽ ኪራይ፣ የጣሪያ ጥገና፣ የጽዳትና የጥበቃ አገልግሎት፤ ብር 186,400።»

ሳቅሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን ቆሜ፣ ቦርሳዬ ከትከሻዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

እርስዎ ዱቡሻ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እዚያው ነው ያደጉት። ይህን የጻፈው ሰው ግን አያውቅምና እባክዎ ያንብቡለት። ዱቡሻ አዳራሽ አይደለም። ሜዳ ነው። ሣር አለው፣ አንድ ትልቅ ዛፍ አለው፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች አሉት። የጋሞ ሰው ሲጣላ የሚታረቀው፣ ሲያጠፋ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ግድግዳ የለውም፣ በር የለውም፣ ጣሪያው ሰማይ ነው። የጠገናችሁት ይህንን ከሆነ እግዜር ይስጥልን። ሥራው ግን ጥራት ይጎድለዋል፤ ዘንድሮም ዝናቡ እንደ ድሮው እየገባብን ነው።

ሳቄን ያቆመው ከኋላዬ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሹክሹክታ ነው። «ለካስ አከራይቶት ነው» አለች አንደኛዋ። ሌላዋ እኔ መሆኔን ስታይ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ማንን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። የዚያ ዱቡሻ ታላቅ ሽማግሌ አባቴ ዳልጮ ነው። ዱቡሻ ተከራየ ከተባለ ከእሱ ሌላ አከራይ የለም። ይህ ደግሞ በእኛ ዘንድ ጎሜ ነው፤ ለሰውም ለከብትም ለአዝመራም ጠንቅ የሚያመጣ ነውር ነው። ይህንንም ያንብቡለት።

ድርጅትዎ ደጋው ላይ የገባው በማን አፍ እንደሆነ ላስታውስዎ። «የዓይን ቆብ በምላጭ ይቆርጣሉ» ተብሎ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ ዱቡሻው መካከል ቆሞ «መጀመሪያ የእኔን ይቁረጡ» ያለው ዳልጮ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ሲፍቀው የኖረ ሰው ሁሉ እሱ ሲድን አይቶ ተከተለው። አባትዎ የሞቱ ጊዜ ወደ ቤቱ ወስዶ ያሳደገዎትም ይኸው ሰውዬ ነው። ይህንን ግን ለማንም እንዲያነቡ አላስቸግርዎትም።

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ሰሌዳው ይውረድ። እርስዎም መጥተው ዱቡሻው ላይ ይቁሙና ዳልጮ ሰባራ ሳንቲም እንዳልነካ በአፍዎ ይናገሩ።

ከእርስዎ ጋር አንድ ትሪ ላይ የበላሁት
ዘሪቱ ዳልጮ


አዲስ አበባ
ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ዘሪቱ፣

ጌታ ቤትሽን ይባርክ። «እርስዎ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ሳነብ አጥንቴ ነው የተሰበረው። ከአንቺ አፍ «አንተ የማትረባ» ብሰማ ይሻለኝ ነበር። ስልክሽን ባለማንሳቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ከሽልማቱ ወዲህ ትንፋሽ አጥቻለሁ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ትንሿ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ባለቤቴም ሰላም ትልሻለች።

ወደ ጉዳዩ ስመጣ፣ የተፈጠረው የአጻጻፍ ስህተት ነው። የፋይናንስ ኃላፊያችን አቶ ሸዋንዳኝ ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ግን ከቢሾፍቱ አልፎ አያውቅም። በመስክ ሪፖርት ላይ «ስብሰባው በዱቡሻ ተካሄደ» የሚል አገኘና አዳራሽ መሰለው። ክፉ ሐሳብ ኖሮት አይደለም። ከአካባቢው ባህል ጋር ያለ የግንዛቤ ክፍተት ነው፤ በቀጣይ ሥልጠና እንሰጥበታለን።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ በማግሥቱ የተስተካከለ ሰሌዳ አሠርቼ በሾፌራችን ልኬያለሁ። እስካሁን ተሰቅሎ ይሆናል። በእሱም ለአባባ ዳልጮ የድርጅታችንን ጃኬትና የዘመን መቁጠሪያ ልኬላቸዋለሁ። የሐምሌ ገጽ ላይ ያለው የእሳቸው ፎቶ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሲስቁ የተነሡት። ለጋሾቻችን ያን ፎቶ እንዴት እንደሚወዱት ብታዪ።

መምጣቱን በተመለከተ ፕሮግራሜን አይቼ አሳውቅሻለሁ። እስከዚያው አደራ፣ ነገሩ ወደ ዞንም ሆነ ወደ አጋር ድርጅቶች ሳይሄድ በቤተሰብ እንጨርሰው። አንቺ አስተዋይ ነሽ።

አክባሪ ወንድምሽ
ጌዲ


አርባ ምንጭ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጌዲዮን፣

«እርስዎ» ማለቱን ትቼልሃለሁ። ስለታረቅን አይደለም፤ አክብሮት ማባከን ስለሰለቸኝ ነው።

የተስተካከለው ሰሌዳህ ተሰቅሏል። ሄጄ አነበብኩት። «የዱቡሻ አዳራሽ ኪራይ» የሚለው ጠፍቶ ምን እንደተተካ ታውቃለህ? «ለአካባቢ ሽማግሌዎች የተከፈለ የዱቡሻ አገልግሎት ክፍያ።» ብሩ ያው ነው። ጣሪያውን አፍርሳችሁ አባቴን አስገባችሁበት! ቀድሞ ሰው የሚጠረጥረውን አሁን በማኅተም አረጋገጣችሁለት። ያ ሸዋንዳኝ የምትለው ባለሙያ ሥልጠናውን ሳይወስድ አልቀረም።

በኋላ ደውለህ «አንቺ ለምን አታስረጃቸውም» ላልከኝ መልሱ ይኸው። እኔ ልጁ ነኝ። ልጅ ለአባቷ ብትምል ዱቡሻ ላይ ማን ይቆጥርላታል? ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ አንተ ታውቀዋለህ። የጻፈው ሰው ራሱ መጥቶ «እኔ ጻፍኩት፣ ሐሰት ነው» ካላለ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይኖራል።

ባለፈው ዓርብ ዱቡሻ ነበረ። አባቴ እንደ ልማዱ ጋቢውን አጣፍቶ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ማንም ግን አልተነሣለትም። ቆም አለ፣ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ፣ ከዚያ ዞሮ ከሣሩ ወጣና መንገዱ ዳር መሬት ላይ ተቀመጠ። «ይህን ያስጻፈው መጥቶ እስኪናገር ድንጋዩ ላይ አልቀመጥም» አለ። እዚያው ዳር ላይ ሆኖ ስብሰባው እስኪያልቅ የሌሎች ሰዎችን የድንበር ክርክር ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን የረገጠ ጎረቤት የለም። ድሮ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሰው አይጠፋበትም ነበር።

የዘመን መቁጠሪያህን አገላብጬ የሐምሌን ገጽ አየሁት። እውነትም ይስቃል። ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አልፈቀደም። ጃኬቱን «ሙቀት አለው» ብሎ አመስግኖ ተቀበለና በቆሎው መካከል እንጨት ላይ አለበሰው፤ ዝንጀሮ ያባርርለታል። ጀርባው ላይ «ለሕዝብ ግልጽ ነን» የሚለው ከሩቅ ይነበባል። ዝንጀሮዎቹ የሚፈሩት ጽሑፉን ይሁን ቀለሙን አላወቅንም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አንተ ዘለልከኝ እንጂ እኔ አልረሳሁትም። አዳራሽ ከሌለ፣ ኪራይ ካልተከፈለ፣ ብሩ የት ገባ? አሥረኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት ሳስተምር «ግልጽነትና ተጠያቂነት» የሚል ምዕራፍ አለን። ግልጽነት ማለት ማስታወቂያ መለጠፍ አይደለም እያልኩ ጉሮሮዬ ደርቋል። ከእንግዲህ ምሳሌ አይቸግረኝም።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው። ና።

ዘሪቱ


አዲስ አበባ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ዘሪቱ፣

ይህን ደብዳቤ ለማንም እንዳታሳዪ። በእጄ የጻፍኩት ሄራን እንኳ እንዳታየው ብዬ ነው።

ብሩ እራት ነው። የግልጽነት ሽልማቱን የተቀበልን ማታ የተደረገው እራት። ተሸላሚ ድርጅት እንግዶቹን ያበላል፤ እዚህ ከተማ ወጉ እንዲህ ነው፣ ካላበላህ ትረሳለህ። ለጋሾቻችን ደግሞ ለአዲስ አበባ ግብዣ አይከፍሉም። ውሉ ላይ የተፈቀደው ሥራው በሚካሄድበት ወረዳ ለሚከራይ አዳራሽ ብቻ ነው። ሸዋንዳኝ ወረዳው ላይ ያለ የአዳራሽ ስም ፈልጎ ሪፖርቶቹን ሲያገላብጥ «ዱቡሻ» የሚለውን አገኘ። ጣሪያውንና ጽዳቱን የጨመረው ሒሳቡ አልሞላ ሲለው ነው።

ሳላነብ ፈረምኩ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ና ትዪኛለሽ። መጥቼ ምን ልበል? ዱቡሻ ላይ የተነገረ ቃል በሳምንቱ ዞን ይደርሳል። ዞን የደረሰ ለጋሾቹ ጋ ይደርሳል። እነሱ ደግሞ ለእራቱ ብቻ አይቀጡንም፣ ሁሉን ነው የሚዘጉት። የኅዳሩ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ይሰረዛል። በዚህ ዓመት ዓይናቸውን ማዳን የምንችል ሰዎች ይታወራሉ። ለአንድ ሽማግሌ ክብር ብለሽ ያን ሁሉ ሰው ታሳውሪያለሽ? እኔ ብቻ ሳልሆን አንቺም ትጠየቂበታለሽ።

ተረጂኝ እንጂ አትፍረጂብኝ። እኔ ለራሴ አንድ ብር አልወሰድኩም።

ጌዲ


አርባ ምንጭ
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጌዲዮን፣

እራት!

ሁለት ቀን ሙሉ ይህችን ቃል ይዤ ዞርኩ። እኔ እኮ መኪና ገዝተህ፣ ቤት ጀምረህ መስሎኝ ነበር። ቢያንስ ሌባ ነህ ብዬ እጠላህ ነበር። አንተ ግን የአባቴን ስም ሸጠህ ለሰው ጥብስ አበላህበት! ጨዋ ነን ብላችሁ አጨበጨባችሁ፣ ፎቶ ተነሣችሁ፣ አፋችሁን በሶፍት ጠረጋችሁ። ሆዳችሁ ውስጥ ገብቶ በማግሥቱ የወጣ ነገር ነው አባቴን ከድንጋዩ ያስነሣው። «ለራሴ አልወሰድኩም» ትላለህ። ያን ቀን አልበላህም እንዴ?

ስለ ኅዳሩ ዘመቻ የጻፍከውን ደግሞ አንብቤዋለሁ። በታመሙ ሰዎች ዓይን ልታስፈራራኝ መሞከርህ አዲስ አበባ ብዙ እንዳስተማረችህ ያሳያል። ግን የማታውቀውን ልንገርህ። ጎረቤታችን ልክነሽ ስሟ ለኅዳር ተመዝግቦ ነበር፤ አንድ ዓይኗ መጨለም ጀምሯል። አሁን ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እያስነቀለች ነው። «ዱቡሻን የተከራየ እጅ ዓይኔን አይነካም» ብላለች። እሷን ያዩ ሌሎቹም ቀርተዋል። ዶክተሮችህ ቢመጡ ባዶ ድንኳን ነው የሚጠብቃቸው። ዘመቻውን የሰረዝከው አንተ ነህ፣ ያውም ለጋሾቹ ሳይሰሙ። የሚመልሰውም አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ «ሂዱ፣ ታከሙ» ሲል ብቻ ነው። ለአንድ ሽማግሌ ክብር ያልከው እሱ ነው።

ትናንት በስልክ ስታለቅስ ሰማሁህ። እንዳላለቀስክ ልታስመስል አፍንጫህን ስትነፋ ደግሞ ልጅ ሆነህ ፍየሏን ገደል የሰደድክ ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀንም «እኔ አይደለሁም» ብለህ ነው የጀመርከው፣ በኋላ ግን ራስህ ሄደህ ለአባቴ ነገርከው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ደግሞ ልመንህ። ለመስቀል የቅርጫ ብር ልላክለት ብለህ የጠየቅኸኝን የአባቴን የባንክ ቁጥር በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ስነግረው ደስ አለው። ብሩ አይደለም ደስ ያሰኘው። «አስታወሰ» ነው ያለው።

ከበዓሉ በፊት ና። ቅርጫውን አብረኸው ብላ።

ዘሪቱ


አዲስ አበባ
መስከረም 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ዘሪቱ፣

እንኳን አደረሳችሁ! በመጨረሻ የምሥራች አለኝ። ችግሩ ተፈቷል።

ብዙ አሰብኩበት፣ ከሸዋንዳኝም ጋር ተመካከርኩበት። ኦዲተሮች በጥቅምት ይመጣሉ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለለጋሾቹ በላክነው ሪፖርት ላይ የተጻፈው ኪራይ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ስለዚህ መኪናዬን ሸጬ ሙሉውን ብር በነገው ዕለት በድርጅቱ ስም ወደ አባባ ሒሳብ አስገባለሁ። አሁን ማንም «ዋሽታችኋል» ሊለን አይችልም። ከፍለናል ብለናል፣ ከፍለናል። አባባም በስተርጅና የሚጦሩበት አገኙ። ከራሴ ኪስ ነው፤ ካሳ በዪው።

ከዚህ ጋር ያለው ደረሰኝ ላይ የጣት አሻራቸውን አስደርገሽ በሾፌሩ መልሺልኝ። ቀለሙን አብሬ ልኬያለሁ።

ለመምጣት ግን የዚህ በዓል ጊዜ አልተመቸኝም። መልካም መስቀል።

ጌዲ


አርባ ምንጭ
መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጌዲዮን፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ብርህ ከደረሰ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርሰኝ የባንክ ሒሳቡን አዘግተው ነበር። ቅርጫ ብለህ ነው የለመንከኝ፤ እኔም አምኜህ በራሴ እጅ ጻፍኩልህ። በዚህ ከአንተ ይልቅ ራሴን ነው የናቅሁት።

እንዴት እንደ ደረሰ ስማ። አባቴ ገረሴ ገበያ ነበር፤ ለበዓል ቅቤ ሊገዛ። ስልኩ ጮኸ። አማርኛ እንደማያነብ ታውቃለህ፣ መልእክት ሲመጣለት ጸጉር አስተካካዩ ኤፍሬም ጋ ነው የሚወስደው። ኤፍሬም ደግሞ በሹክሹክታ ማንበብ አያውቅም። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበረ፣ ግማሹ አገጩ ላይ አረፋ እንደተቀባ። «አባባ፣ ብር መጣልህ!» አለና ጮኾ አነበበው። መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር። ከብሌን ወዳጆች። ምክንያት፦ የዱቡሻ አዳራሽ ኪራይ።

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። ኤፍሬም ምን እንዳነበበ የገባው ከሁሉም በኋላ ነው። «አባባ፣ ልድገመው?» አለ። አባቴ «አይ፣ ሰምተዋል» ብሎ ስልኩን ተቀብሎ ወጣ። ቅቤውን ሳይገዛ ነው የተመለሰው።

እንግዲህ መስቀል መጣ። አገሩ ሁሉ በሬ ሲጥል የአባቴን ስም ለቅርጫ የጠራ ሰው አልነበረም። ሥጋውን አይደለም የምነግርህ፤ እኔ ከአርባ ምንጭ ይዤለት ሄጄ ነበር። አልቀመሰውም። ከበዓል በኋላ ባንክ እንደ ተከፈተ ጋቢውን ለብሶ ሄደ። ብሩን በሙሉ ልውሰድ አለ። ገንዘብ ከፋይዋ «ይህን ሁሉ ምን ሊገዙበት ነው አባባ?» ብትለው «የእኔ አይደለም፣ ልመልሰው ነው» አላት። በጥቁር ፌስታል አድርጋ ሰጠችው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ዱቡሻ ተሰበሰበ። ዳር ሲቀመጥ የከረመው ሰውዬ ተነሥቶ ወደ መሀል ገባ። ፌስታሉን ፈትቶ ብሩን ለሁሉም አሳየ፣ መልሶ አሰረው፣ ሣሩ ላይ አኖረውና ድንጋይ ጫነበት። እንዲህ አለ፦ «አከራይቶ በላ ያላችሁኝ ይኸውላችሁ። አልጠየቅሁትም፣ አልበላሁትም። ባለቤቱ ይምጣና በእጁ ያንሣው።» ስምህን አልጠራም። እኔ ብሆን ከነአያትህ እጠራው ነበር።

ተመልሶ ወደ ዳሩ ሊወጣ ሲል ወልደ ሚካኤል ተነሣ። ከአባቴ ቀጥሎ ትልቁ ሽማግሌ እሱ ነው፣ በሐምሌም ሳይነሡለት ከቀሩት አንዱ እሱ ነበር። እጁን ያዘውና ወስዶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ ቆሙ። አባቴ ምን አደረገ መሰለህ? የዕለቱን ጉዳይ ጠየቀ። ስለ አንድ የመስኖ ውኃ ክርክር ነበር።

ብርህ እዚያው አለ። የሚነካው የለም። ጎሜ ነው ተብሏልና ሌባ እንኳ አያየውም፣ እናቶች ልጆቻቸውን በሩቁ ነው የሚያሳልፉት። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አይቶ ይሄዳል። ሰሌዳህ «ለሕዝብ ግልጽ ነን» ሲል ኖሯል፤ ይኸው አሁን ሆናችሁ።

ደረሰኝህን ባዶውን መልሻለሁ። ቀለሙን አስቀርቼዋለሁ፣ ለፈተና ወረቀት ማኅተም ይሆነኛል። አሻራ የግድ ካስፈለገህ ከበቆሎው ዝንጀሮዎች አንዱን አስፈርመው።

ዘሪቱ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፣

ብሩ ባንክ ውስጥ የለም፣ ደረሰኝ የለኝም፣ መኪናም የለኝም። ኦዲተሮቹ በጥቅምት መጨረሻ ይደርሳሉ።

ሸዋንዳኝ የውክልና ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ ይሰጡታል? ካልሆነስ ዱቡሻ የሚሰበሰበው አሁንም ዓርብ ነው? ቆሜ ምን ብዬ ነው የምጀምረው? ዝናብ አለ?

አባባ ምን ይላሉ?

ጌዲ


አርባ ምንጭ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጌዲ፣

በጠየቅኸኝ ተራ ልመልስልህ።

ሸዋንዳኝ አይሰጠውም። ዱቡሻ ላይ በውክልና የሚናገር የለም። ይምጣ ካልክ ግን አብሮህ ይምጣ፤ ጣሪያውን አሳየዋለሁ።

አዎ፣ ዓርብ ነው። የምትጀምረው በእራቱ ነው። «አንብቤ ፈረምኩ» በል። ሌላ ቃል አትጨምር፣ የግንዛቤ ክፍተት ምናምን የሚለውን እዚያው አዲስ አበባ ተወው። ስለ ለጋሾቹ የፈራኸውን ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። አንተ በአፍህ ከተናገርክ ራሳቸው ሊጽፉላቸው ተስማምተዋል፤ ጥፋቱ የሰው ነው፣ ሕክምናውን አትንሱን ብለው። ለጋሾቹ ይስሟቸው አይስሟቸው አላውቅም። ልክነሽ ግን አባቴ ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ አይታ ወረንጦውን ጥላለች። ኅዳር ላይ ዶክተር ከመጣ የመጀመሪያዋ እሷ ናት፣ ካልመጣ አንድ ዓይኗ ይጠፋል። ይህን ስነግርህ ላስፈራራህ አይደለም፣ ያ የአንተ ሙያ ነው።

ዝናብ አለ። በጣም አለ።

አባቴ ምን ይላል ላልከው፣ ምንም አይልም። ዓርብ ዓርብ ግን ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም እስኪሄድ ይቆይና ከድንጋዩ ይነሣል። ወደ ፌስታሉ ሄዶ ያጋደለውን ድንጋይ ያቃናል፣ የተጠራቀመውን ውኃ በእጁ ይጠርጋል። ተወው፣ ይበስብስ አልኩት። «የልጁ ነው፣ ይበላሽበታል» አለኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። እስካሁን ስጽፍልህ አንድ ቀን አላለቀስኩም ነበር።

ባለፈው ዓርብ ዝናቡ በረታ። አባቴ ስብሰባውን አቋርጦ ወደ በቆሎው ማሳ ወረደ፤ ያን የላክህለትን ጃኬት ከእንጨቱ ላይ ገፎ ይዞ ተመለሰና ብርህ ላይ አለበሰው። አራቱን ጫፍ በድንጋይ ያዘው። ሽማግሌዎቹ እያዩት ነበር፣ አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም።

ሰሌዳችሁ ላይ የተጻፈው የጣሪያ ጥገና ይኸው ተሠርቷል። መጥተህ አፍርሰው።

እትህ
ዘሪቱ